ጥላና ጣሪያ፦ ኦፕቲማይዘር ወይስ ማይክሮኢንቨርተር?

በዓለም ባንክ ሰፈር ከፍ ካለ ሕንፃ ላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ሰው የቆርቆሮ ጣሪያዎችን፣ ሮቶዎችንና የቴሌቪዥን ዲሾችን ያያል። ፊዚክስ ለተማረ ግን ከእነዚህ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ጥላቸው ነው።

በቅርቡ አንድ የዚሁ ሰፈር ነዋሪ በቤታቸው ጣሪያ ላይ ስድስት የፀሐይ ፓኔሎች ለማስተከል አስበው ምክራችንን ጠየቁን። እናታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው በማቀዝቀዣ በመሆኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ቤተሰቡ ይጨነቃል። አንዱ ሻጭ ኦፕቲማይዘር፣ ሌላው ማይክሮኢንቨርተር እንዲገዙ መክረዋቸዋል። «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄያቸው ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል።

ጥላ ምን ያደርጋል?

እንደሚታወቀው አንድ የሲሊከን ሴል በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከግማሽ ቮልት ብዙም አይርቅም። ስለሆነም በፓኔሉ ውስጥ ሴሎች፣ በጣሪያው ላይም ፓኔሎች በተከታታይ ይያያዛሉ። በተከታታይ ዑደት ውስጥ ደግሞ በሁሉም የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። በጠባብ መንገድ በአንድ ረድፍ የሚጓዙ የጭነት አህዮችን እናስብ፤ የኋላኞቹ ከፊት ያለውን አዝጋሚ ሊቀድሙ አይችሉም።

እያንዳንዱ ፓኔል በጠራ ፀሐይ 40 ቮልትና 10 አምፔር፣ ማለትም 400 ዋት ይሰጣል እንበል። ስድስቱ በድምሩ 2,400 ዋት ይሆናሉ። በአንዱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በግማሽ ቢቀንስ ያ ፓኔል ከ5 አምፔር በላይ ማመንጨት ያቅተዋል። ሁሉም በ5 አምፔር እንዲሠሩ ቢገደዱ ድምሩ ወደ 1,200 ዋት ገደማ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ለገዢ የሚነገረው ስሌት እዚህ ላይ ይቆማል። ይሁን እንጂ በፓኔሉ ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳዮዶች ይገኛሉ። ከረንቱ የደከመውን ፓኔል ትቶ በእነርሱ በኩል ስለሚያልፍ ቀሪዎቹ አምስት ፓኔሎች 2,000 ዋት ገደማ መስጠታቸውን ይቀጥላሉ።

ሁለቱ መሣሪያዎች

ኦፕቲማይዘርም ሆነ ማይክሮኢንቨርተር ከየፓኔሉ ሥር ይታሰራሉ። ሁለቱም የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ከፍተኛ የሚሆንበትን ነጥብ ለየፓኔሉ ለብቻ ይፈልጋሉ። ልዩነታቸው ከዚያ በኋላ ነው። ኦፕቲማይዘር ቀጥተኛውን ከረንት እንዳለ፣ ቮልቴጁን ብቻ አስተካክሎ ወደ አንድ ማዕከላዊ ኢንቨርተር ይልከዋል። ማይክሮኢንቨርተር ግን እዚያው ጣሪያ ላይ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ወዳለው ተለዋዋጭ ከረንት ይለውጠዋል። ማዕከላዊው ኢንቨርተር ቢበላሽ ሁሉም ይቆማል፤ አንድ ማይክሮኢንቨርተር ቢበላሽ ግን የሚጠፋው የአንድ ፓኔል ኃይል ብቻ ነው።

በምሳሌያችን በሁለቱም መሣሪያዎች የሚገኘው 2,200 ዋት ገደማ ነው። ትርፉ 200 ዋት፣ ማለትም ከመቶ 10 መሆኑ ነው። ሦስት ፓኔሎች በጥላ ቢያዙ ግን ውጤቱ ከ1,200 ወደ 1,800 ዋት ከፍ ይላል። ጥላ በሌለበት ጣሪያ ትርፉ ከምንም አይቆጠርም።

የእኛ ሰማይ

በታኅሣሥ ወር በለንደን የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትወጣለች። አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ሮቶ በዚያ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ጥላ ይጥላል። በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን በዚያው ወር የቀትር ፀሐይ 58 ዲግሪ ገደማ ስለምትደርስ የጥላው ርዝመት ከአንድ ሜትር አያልፍም። እኛን የሚያስቸግረው ከምሥራቅና ከምዕራብ የቆመ የጎረቤት ፎቅ በጠዋትና ወደ ማታ የሚጥለው ጥላ ነው። የክረምት ደመናም ሁሉንም ፓኔሎች በአንድነት ስለሚጋርድ ሁለቱም መሣሪያዎች በዚያን ጊዜ እምብዛም አይረዱም።

መብራት ሲጠፋስ?

ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ማይክሮኢንቨርተር የመስመሩን ሞገድ ተከትሎ የሚሠራ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ በምሰሶ ላይ ያለ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ሲባል ወዲያውኑ ራሱን ያጠፋል። ኦፕቲማይዘር የታሰረበት፣ ነገር ግን ባትሪ የሌለው ተራ የመስመር ኢንቨርተርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት ፓኔሎች በጣሪያ ላይ እያሉ፣ የኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣ ሊቆም ይችላል! እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ያለ መስመር በቀን ሊሠሩ የሚችሉ ማይክሮኢንቨርተሮች ቢቀርቡም ሌሊት ያለ ባትሪ ፋይዳ የላቸውም። ባትሪ ደግሞ ቀጥተኛ ከረንት ስለሚያከማች፣ ከማይክሮኢንቨርተር የሚመጣው ኃይል ወደ ባትሪ ሲገባና ሲወጣ ተጨማሪ ለውጥ ማለፍ አለበት፤ በእያንዳንዱ ለውጥም ጥቂት ኃይል ይባክናል።

እኒህን ጠያቂያችንን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት በጣሪያው ላይ የሚያርፈውን ጥላ በጠመኔ እንዲያሰምሩ ነገርናቸው። በቀትር ጥላ የሚጥለው ሮቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ከፓኔሎቹ ቦታ በስተሰሜን ተዛወረ። በ9 ሰዓት ከምዕራብ ያለው ፎቅ አንዱን ፓኔል ብቻ ይነካል። ለስድስት መሣሪያዎች ያሰቡትን ገንዘብ ባትሪና መስመሩ ሲቋረጥ ቤቱን ለይቶ ማገልገል ለሚችል ሃይብሪድ ኢንቨርተር አዋሉት። ጥላ ለሚያገኘው አንድ ፓኔል ኦፕቲማይዘር ማሰር ቢያሻቸው ወደፊት ሊጨምሩት ይችላሉ።

ውድ አንባብያን፣ ጠመኔውን ይዛችሁ በየጣሪያችሁ ላይ ይህንኑ ብትሞክሩ፣ የተከታታይ ዑደት ትምህርት ከመጽሐፉ ወጥቶ በገዛ ቤታችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።