ለአንድ ሌሊት የ23 ሰዓት ክፍያ

ዳቦ ቤት፣ ሆቴል ወይም መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ የሌሊት ፈረቃ አለው። ሠራተኛው መግቢያና መውጫውን በመዝገብ ይፈርማል፤ ወሩ ሲያልቅ የሒሳብ ክፍሉ ወደ ኤክሴል ይገለብጠዋል። ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው።

ኤክሴል ሙሉ ቀንን እንደ 1 ቆጥሮ ቀኑን በእኩለ ሌሊት ይለውጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር 20፡00 ገብቶ በማግስቱ 7፡00 የወጣ ሠራተኛ ሰዓቱ ሲቀናነስ ከዜሮ በታች ይሆንና ሳጥኑ በመሰላል ምልክት ይሞላል። መውጫው ከመግቢያው ሲያንስ 1 ከተደመረበት ትክክለኛው 11 ሰዓት ይመጣል።

መዝገቡ ግን የሚጻፈው በእኛ ሰዓት ነው፤ ገባ 2፡00፣ ወጣ 1፡00። ያው ስሌት በዚህ ላይ ሲሠራ 23 ሰዓት ይላል። የመሰላል ምልክት ስለማይወጣ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ ከዚያ ውጭ በ1.5 ይባዛል። የሰዓት ደመወዙ 50 ብር ቢሆን የዚህ ሠራተኛ ትክክለኛ ትርፍ 3 ሰዓት ነው፤ ሁለቱ በ1.75፣ አንዱ በ1.5፣ ድምሩ 250 ብር። ያልተሠራው 12 ሰዓት በዝቅተኛው ተመን ቢሰላ እንኳ 900 ብር ይጨምራል። ያውም ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት!

አንዳንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሲደርስበት በ1 ፈንታ ግማሽ ቀን ይደምራል። ለዚህኛው ሠራተኛ 11 ይመጣል። ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛ ግን ዜሮ ይወጣለታል፤ 12 ሲቀነስ 12 ነውና። አሠሪው መክሰሩ ቀርቶ አሁን ዘበኛው ከሰረ።

ከሰዓቱ ጎን "ቀን" ወይም "ሌሊት" የሚል ዓምድ መጨመር የተሻለ ነው። ለቀን ሰዓት 6፣ ለሌሊት 18 ይደመራል፤ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀነሳል። ንጋት 12 ከሌሊት፣ ምሽት 12 ከቀን ይቆጠራል። በብር ከመባዛቱ በፊትም ውጤቱ በ24 ይባዛ፤ አለበለዚያ የ11 ሰዓት ሥራ 23 ብር እንኳ አይሞላም።

ድምሩም ይታይ። የ10 ሰዓት ፈረቃ አምስት ሌሊት የሠራ ሰው 50 ሰዓት አለው፤ ሳጥኑ ግን በተለመደው የሰዓት አጻጻፍ 2፡00 ብቻ ያሳያል፣ ሁለት ሙሉ ቀን ጥሎ።