«ቀዥቃዣ» የተባለ ልጅ በየትኛው በር ይግባ?

ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዞሩ የሚቀበላቸው ያጡት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በኋላም እንደ ነህምያ ያሉ ማዕከላት ተጨመሩ። ነገሌ ቦረና ላለ ወላጅ ግን መዲናዋ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ደግሞም «ቀዥቃዣ» የተባለ፣ ቀልቡ የማይረጋ የአራት ዓመት ልጅ የሚያሻው ልዩ ማዕከል አይደለም፤ የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት እንዲችለው ነው።

እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ መደበኛን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ተወው። በክፍያ የሚኖር ትምህርት ቤት ወላጅ የሚስበው ልጁ ቶሎ ሲጽፍና እንግሊዝኛ ሲናገር ነው። ደብተር ታቅፎ ለረጅም ሰዓት አግዳሚ ላይ መቀመጥ ለማንኛውም ሕፃን ይከብዳል፤ ቀዥቃዣ ለተባለው ግን መባረሪያው ይሆናል። ጥፋቱን ለመምህሯ ብቻ መስጠት ግፍ ነው። የቤት ሥራ ይብዛ የምንለው እኛው ወላጆች ነን።

ነገሌ ባለችበት ሊበን ላይ ሌላም ጣጣ አለ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ አፉን የፈታ ልጅ ትእዛዙ በሌላ ቋንቋ ሲመጣበት ልብ የማይል ይመስላል። ጆሮው የሚመግል፣ ራት ሳይበላ ያደረ ልጅም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ሲቀር ከብት አልቆበት ወደ ከተማ የገባ ቤተሰብ ልጅ ቢቁነጠነጥ ምን ይገርማል? ስም ከመለጠፍ በፊት ጆሮው ይታይ፣ በአፍ መፍቻውም ይነገረው።

እውነተኛው የትኩረት ችግር ግን አለ፤ በዓለም ከ100 ልጆች 5 ያህሉን እንደሚነካ ይገመታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከስድስት ዓመት በታች ላሉት በቅድሚያ የሚመክረው ክኒን ሳይሆን ወላጆችን በልጅ አያያዝ ማሠልጠንን ነው። መምህሯም የምትችለው ብዙ ነው፦ ትእዛዝን አሳጥሮ አንድ በአንድ መስጠት፣ ልጁን ከአጠገቧ ማስቀመጥ፣ በየመሃሉ ማስሮጥ፣ ደህና ሲሠራ ወዲያው ማመስገን። ስለዚህ ወላጅ ከመመዝገቡ በፊት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ይመልከት፤ መሮጫ ሜዳ አለ ወይ፣ ስንት ልጅ ለአንድ መምህርት ነው፣ ያስቸገረ ልጅ ምን ይደረጋል ብሎም ይጠይቅ። ጥግ ላይ አርጩሜ ካየ ልጁን ይዞ ይውጣ።

እ.ኤ.አ. የ2023ቱ ፖሊሲ የሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛን ከትምህርት እርከኑ አስገብቷል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂውም የድጋፍ ማዕከላትንና ተዘዋዋሪ መምህራንን ያውቃል። ወረዳው እንዲህ ያለ መምህር ሲመድብ የግሉን መዋዕለ ሕፃናት በርም እንዲያንኳኳ ሊያዘው ይገባል።