ግፊት ማውረድ ጥሩ ነው፤ በአንዴ ማውረድስ?

ባለፈው ወር እናቴ ከአገር ቤት ደወለችና «ዛሬ ግፊቴ 180 ገብቷል፤ ክኒኑን ሁለት ላድርገው? አንቺ የፋርማሲ ተማሪ አይደለሽ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ስልክ የማይደርሰው የማኅበራችን አባል ያለ አይመስለኝም። ለእናቴ የሰጠሁትን መልስ ከነምክንያቱ ላካፍላችሁ።

ደም ስር ተራ ቧንቧ አይደለም። ግድግዳው ውስጥ ጡንቻ አለ፤ ጡንቻው ሲኮማተር ደም ስሩ ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። ይህን የሚያዙት በእያንዳንዱ የጡንቻ ሴል ሽፋን ላይ ያሉ አዮን ቻናል የሚባሉ ጥቃቅን በሮች ናቸው። ከሴሉ ውጭ ያለው ካልሲየም ውስጥ ካለው ወደ 10,000 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የካልሲየም በር ሲከፈት ካልሲየሙ ወደ ውስጥ ይገባና ጡንቻው ይኮማተራል። የፖታሲየም በር ሲከፈት ደግሞ ፖታሲየም ይወጣል፤ በዚህ ምክንያት የካልሲየሙ በር ይዘጋና ጡንቻው ይላላል።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ስለዚህ ደሙ እንዲዋዥቅበት አይፈልግም። ግፊት ሲጨምር ደም ስሮቹ ራሳቸውን ያጠባሉ፣ ሲቀንስ ያሰፋሉ። ይህ ችሎታ ግን ወሰን አለው። ለዓመታት ግፊት ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ወሰኑ ወደ ላይ ይሸጋገራል፤ ለሌላው ሰው ልከኛ የሆነ ግፊት ለእሱ አንጎል ሊያንስ ይችላል።

እነ አምሎዲፒን፣ ኒፈዲፒንና ኒሞዲፒን የሚሠሩት እዚሁ የካልሲየም በር ላይ ነው። በሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ውጤታቸው ግን ይለያያል።

ኒሞዲፒን በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ለፈሰሰባቸው ሕሙማን ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 60 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀናት። ከደም መፍሰሱ በኋላ ባሉት ቀናት የአንጎል ደም ስሮች አጥብቀው ሊኮማተሩና የአንጎሉ ክፍል በደም እጦት ሊሞት ይችላል። በ1989 በወጣ የብሪታንያ ጥናት በ554 ሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባቸው ባዶ ክኒን ከወሰዱት 33 በመቶ፣ ኒሞዲፒን ከወሰዱት ደግሞ 22 በመቶ ነበሩ።

የኒፈዲፒን ታሪክ ሌላ ነው። ቶሎ የሚሠራው ዓይነት በአንድ ወቅት ግፊት ሲያሻቅብ ከምላስ ሥር ይሰጥ ነበር። ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወርድ ሁሉም ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን ግፊቱ በድንገት ሲወድቅ አንጎልና ልብ ደም ያጥራቸዋል፤ በስትሮክ የተጎዱ፣ የሞቱም ነበሩ። በ1996 ሐኪሞች ይህ አሰጣጥ እንዲቆም በይፋ ጠየቁ። በሌላ በኩል፣ ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተሠራው ኒፈዲፒን ዛሬም ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ያንን ክኒን ማድቀቅ ወይም ማኘክ የማይገባው ለዚህ ነው፤ የቀኑን መድኃኒት በአንዴ መልቀቅ ይሆናል።

እናቴ የምትወስደው አምሎዲፒን ነው። ይህ መድኃኒት በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ለመድረስ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሰዓት። ሁለት ብትውጥ ለዚያች ሰዓት አይደርስላትም፤ ትርፉ ግን ለቀናት አብሯት ይቆያል።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ ምልክት ነው። ፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ የአፍ መተሳሰር፣ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ክኒን መቁጠር ሳይሆን ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው። አንዱም አልነበረባትም። «አትጨምሪ፤ ቁጭ ብለሽ ዕረፊና እንደገና ተለኪ» አልኳት። ከዕረፍት በኋላ 158 ሆነ።

በማግሥቱ ሐኪሟ ዘንድ ስትሄድ ምክንያቱ ተገኘ፤ ክኒኑን የምትውጠው ራሷን ባመማት ቀን ብቻ ነበር። እኔም በየሳምንቱ እየደወልኩ ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ክኒኑ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እናንተም ዛሬ ስትደውሉ «ግፊትሽ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ክኒንሽን በየቀኑ ትወስጃለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።