እውነት ወይስ ተረት? ስዊች ላይ የቆመው ተራ አስከባሪ

ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ክልሉ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ግን ቢሮዎቹ አንድ ከተማ ላይ አልተከማቹም፤ ለሶዶ፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለሳውላ፣ ለካራት እና ለጂንካ ተከፋፈሉ። ሶዶ ያለ ኃላፊ ጂንካ ያለውን ባልደረባውን ባሰኘው ቁጥር በአካል ሊያገኘው አይችልም፤ የቪዲዮ ስብሰባ ግድ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ስብሰባ መሀል ድምፅ ሲቆራረጥ ቶሎ ከሚሰነዘሩት ሐሳቦች አንዱ «ስዊቹ ላይ ኪውኦኤስ ይሠራ» የሚል ነው። ስዊች የቢሮውን ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚያገናኝ መሣሪያ ሲሆን፣ ኪውኦኤስ ደግሞ ለአንዱ የዳታ ዓይነት ከሌላው ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር ነው። ይጠቅማል፤ ነገር ግን ብዙ ተረት ተጭኖበታል።

ተረት 1፦ «ኢንተርኔቱን ያፈጥነዋል።»

እውነቱ፦ ሶዶ መናኸሪያ የቆመ ተራ አስከባሪ ሰልፍ ያስይዛል እንጂ የአርባ ምንጭን መንገድ አያሰፋም። ስዊቹም የሚወስነው ማን ይቅደም፣ ማን ይጠብቅ የሚለውን ብቻ ነው። መስመሩ ቀኑን ሙሉ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ የሚውል ከሆነ መድኃኒቱ መስመሩን ማሳደግ ነው።

ተረት 2፦ «መስመራችን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ አያስፈልገንም።»

እውነቱ፦ ጥፋቱ የሚደርሰው ለቅጽበት በሚሞላበት ጊዜ ነው። ከቢሮ የሚወጣው መስመር በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል እንበል። ባለ 1,500 ባይት ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) በዚህ መስመር ለመውጣት 1.2 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ሠራተኛ ትልቅ ፋይል ሲልክ 100 ፓኬት ቢሰለፍ፣ ከኋላ የደረሰው የድምፅ ፓኬት 120 ሚሊ ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር ደግሞ ለጥሩ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ነው። ድምፁ ገና ከግቢው ሳይወጣ አብዛኛውን ጊዜውን ጨረሰ ማለት ነው። ቅድሚያ ቢሰጠው ግን ከመቶዎቹ ፊት ያልፋል።

ተረት 3፦ «አስፈላጊ የሆነው ሁሉ ቅድሚያ ይሰጠው።»

እውነቱ፦ ተራ አስከባሪው ዘመድ ወዳጁን ሁሉ ካስቀደመ ሰልፍ የለም። ድምፅ የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ በጂ.711 ኮዴክ አንድ ጥሪ በኢተርኔት ላይ በሰከንድ ወደ 87 ኪሎ ቢት ይወስዳል። አስር ሰው በአንዴ ቢደውል አንድ ሜጋ ቢት አይሞላም። ጥብቅ ቅድሚያ ያለው ኪው (ሰልፍ) ገደብ ካልተበጀለት ግን ሌሎቹ ሳይደርሳቸው ይውላሉ። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ይህ ኪው ከመስመሩ ሲሶ እንዳያልፍ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ተረት 4፦ «ማብራት ብቻ ይበቃል።»

እውነቱ፦ እንዲያውም ማብራቱ ብቻውን ሊያበላሽ ይችላል። እንደ ሲስኮ ካታሊስት 2960 ባሉ የቆዩ ስዊቾች ላይ «ኤምኤልኤስ ኪውኦኤስ» የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ ወደቦቹ በሙሉ «የማይታመኑ» ይሆናሉ። የአይፒ ስልኩ ድምፁ ላይ 46 ቁጥርን፣ የቅድሚያ ምልክቱን፣ ለጥፎ ይልካል፤ ስዊቹ ተቀብሎ ዜሮ ያደርገዋል። ስለዚህ ስልኩ የተሰካበት ወደብ ምልክቱን እንዲያምን ለብቻው መታዘዝ አለበት። ሁሉንም ወደብ ማመን ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ ማንኛውም ኮምፒውተር ራሱን 46 ብሎ ሊያስቀድም ይችላልና።

ተረት 5፦ «ፖሊሲንግና ሼፒንግ አንድ ናቸው።»

እውነቱ፦ ትራፊክ ፖሊስ ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ሲያገኝ ትርፉን ሰው መንገድ ዳር ያስወርዳል፤ ፖሊሲንግ ይህ ነው፣ ከገደብ ያለፈ ፓኬት ይጣላል። ተራ አስከባሪው ትርፉን ሰው ለቀጣዩ መኪና ያቆየዋል፤ ሼፒንግ ደግሞ ይህ ነው። የተጣለ የፋይል ፓኬት እንደገና ይላካል። የተጣለ ድምፅ ግን ቢመለስም ወሬው አልፎታል።

ተረት 6፦ «ምልክቱ ጂንካ ድረስ ይከበራል።»

እውነቱ፦ ሶዶ የተቆረጠ የተራ ቁጥር ሌላ መናኸሪያ ውስጥ ተራ ወረቀት ነው። ምልክቱ የሚሠራው በእናንተ እጅ ባሉ መሣሪያዎች ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በኢንተርኔት ላይ ችላ ሊባል ወይም ሊሰረዝ ይችላል። የሚከበረው ከአገልግሎት ሰጪው ጋር በውል ከተስማሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፖሊሲ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ስብሰባው ሲቆራረጥ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ወደብ ከፍታችሁ የተጣሉ ፓኬቶችን ቆጣሪ ተመልከቱ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ሰልፍ አለ፤ ተራ አስከባሪ ያስፈልጋችኋል። ንቅንቅ ካላለ ግን ስዊቹን ከመነካካታችሁ በፊት ገመዱን፣ ዋይፋዩን እና የወዲያኛውን ጫፍ ፈትሹ።