ሞኔውና ሕጉ፦ የአሽዶድ ታክሲ ትውውቅ

እ.ኤ.አ. በ1956 በባሕር ዳር አሸዋ ላይ የተመሠረተችው አሽዶድ ሠፈሮቿን በዕብራይስጥ ፊደላት ተራ የምትጠራ ከተማ ናት፤ ከእነዚህም ሠፈሮች አንዱ በሆነው በሮቫ ቴት ቫቭ አውቶቡሶቹ ዓርብ ሥራቸውን አቁመው ቅድስት ሰንበት ስትገባ፣ ድንገት የታመመ ሰው በቤቱ ያለበትና የራሱ መኪና የሌለው ነዋሪ ዓይኑን የሚጥለው በነጩ ታክሲ፣ በአገሩ አጠራር በሞኒት ላይ ነው።

ታሪፉን የሚወስነው ማዘጋጃ ቤቱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የታክሲ ፈቃድም ሆነ ታሪፍ የመንግሥቱ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥልጣን ሲሆን፣ የከተማው ሥልጣን በአብዛኛው በማቆሚያው ላይ ያርፋል። ቀይና ነጭ በተቀባ የመንገድ ጠርዝ ላይ የቆመውን ሾፌር፣ ሰው ላወርድ ነው ቢልም እንኳ፣ የከተማው ተቆጣጣሪ (ፓካኽ) የቅጣት ወረቀት (ዶኽ) ሊጽፍበት ይችላል፤ በመንዳት ላይ ሳለ የሚፈጸመውን ጥፋት ግን ፖሊስ ይከታተላል።

የዚህ ሁሉ ሥርዓት ልብ ሞኔው፣ ማለትም የታክሲው ዋጋ ቆጣሪ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ብሩን እ.ኤ.አ. በ1891 የሠራው ቆጣሪ አባት የሆነለት ይህ መሣሪያ የተጓዙትን ርቀትና በመንገድ መጨናነቅ የባከነውን ጊዜ አስልቶ ዋጋውን ያሳያል፤ ሌሊትና ሰንበት ታሪፉ ከፍ ይላል። ሾፌሩ ሞኔውን የማብራት፣ ሲጠየቅም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚደረግ ጉዞ ብቻ በሚኒስቴሩ የተመዘገበ ቁርጥ ዋጋ አለ። ዕብራይስጥ ያልሆነላቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን በቃል ዋጋ ተስማምተው ሲጎዱ ማየት ያሳዝነኛልና፣ ከመነሳታቸው አስቀድሞ «ሞኔ» የምትለውን አንዲት ቃል መናገር ይበቃቸዋል እላለሁ፤ እምቢ ያለው ሾፌር ቁጥሩ ተይዞ ለሚኒስቴሩ አቤቱታ ሊቀርብበት፣ በቅጣትም ሊጠየቅ ይችላል።

ለሾፌሩ ግን ከገንዘቡ ቅጣት ይልቅ የሚከብደው የትራፊክ ጥፋት ነጥቡ ነው። በየጥፋቱ የሚመዘገበው ነጥብ ተደምሮ 36 ሲደርስ መንጃ ፈቃዱ ለሦስት ወር ይታገዳል፤ እንጀራው ከመሪው ጋር ለተያያዘ ሰው ይህ የሦስት ወር ጾም ነው። በአዲስ አበባም ሾፌሮች በየካቲት 2008 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙት ነጥብ ቆጥሮ ፈቃድ የሚያግደውን ደንብ ተቃውመው ሲሆን፣ መንግሥት አፈጻጸሙን በሦስት ወር አራዝሞት ነበር። የሁለቱ አገር ሾፌሮች ሥጋት አንድ መሆኑን ስለምረዳ፣ የእስራኤሉ ደንብ ትምህርትን ከቅጣት ማስቀደሙ ለእኔ መልካም ነው፤ 12 ነጥብ የሞላው ሰው ወደ መጀመሪያው ኮርስ፣ 24 የሞላው ወደ ከፍተኛው ይጠራል። የሚጠራበት ደብዳቤ በዕብራይስጥ ተጽፎ በፖስታ ስለሚመጣ፣ ማንበብ የሚቸግረው ሾፌር ሳይውል ሳያድር ልጁን ወይም ጎረቤቱን ያስነብብ፤ ኮርሱን ላልተከታተለ መንጃ ፈቃዱ አይታደስለትምና።