የሰሊጥ አጨዳ ቀንና «የሚማረው» መሣሪያ

በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ክፍል የሚገኙት የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳዎች በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ምርታቸው የታወቁ ናቸው። የሰሊጥ አምራቹን የዓመት ድካም ከሚወስኑት ጉዳዮች ዋነኛው አጨዳ የሚጀመርበት ቀን መሆኑን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚገባ ያውቁታል። የግርጌው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሳይረግፍ ቢታጨድ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል፤ ቢዘገይ ደግሞ ሽፋኑ ተከፍቶ ምርቱ መሬት ላይ ይራገፋል።

እንዲህ ላለው ውሳኔ ይረዳል እየተባለ በዚህ ዘመን ብዙ የሚነገርለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት ገበሬው ቁጥር ሲጫን አስቀድሞ የተቀዳ ምክር የሚያሰማ ነበር እንጂ የሚማር አልነበረም። አዲሱ ቴክኒክ ግን ከምሳሌ ይማራል። የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የተባበሩበት «ኑሩ» የተባለው የስልክ መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ባለሙያዎች የታመመውንና ጤነኛውን ለይተው ስም በሰጧቸው ብዙ ሺህ ፎቶግራፎች ሰልጥኖ፣ በ2009 ዓ.ም ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በበቆሎ ቅጠል ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያለ ኢንተርኔት እንዲለይ ተደርጓል።

ነገር ግን የበቆሎ ቅጠል እያየ የተማረ መሣሪያ ስለ ሰሊጥ ቢጠየቅ መልሱ ግምት ነው፤ ያውም በሙሉ ልብ የሚነገር ግምት! ቅጠሉን በትክክል ቢያነብ እንኳ ሳሉግ የሚባሉት ወቅታዊ ሠራተኞች ከደጋ መውረድ አለመውረዳቸውን፣ የቀን ሒሳብም ምን ያህል እንደናረ ከፎቶግራፉ አያገኘውም። ኪሳራው የሚወድቀው በገበሬው ላይ ስለሆነ የመጨረሻው ቃል የማሳው ባለቤት ሊሆን ይገባል።

ማኅበራት ከአሁኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ፤ የሚፈልገውም ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። በየማሳው ዘር የተዘራበትና አጨዳ የተጀመረበት ቀን፣ ዝናቡ የገባበትና የወጣበት ጊዜ፣ የታየው ተባይ፣ በሄክታር የተገኘው ኩንታል ይመዝገብ። የከሰረው ማሳም አይዘለል፤ መልካም ውጤት ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ሰውንም መሣሪያንም ያሳስታል። ስልክ ያለው ወጣት የተጎዳውን ተክል ፎቶግራፍ ያንሳ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም የተባዩን ስም ይጻፍበት። እንዲህ ያለው መዝገብ ሁለት ሦስት ክረምት ከተጠራቀመ መሣሪያው ባይመጣ እንኳ ማኅበሩ ቀድሞ ያጨደና የዘገየ ምን እንዳገኘ በስብሰባ ላይ ገልጦ ማነጻጸር ይችላል።