የተዛወረ መሪና የተሰወረ አደጋ

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ፣ ሰኮናዋን አንሥቶ፣ ጥቂትም አራምዶ ሳያይ ዋጋ አይጠራም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲነሣ በቀለሙ ማማርና በወንበሩ ልብስ ተማርኮ የዓመታት ጥሪቱን ሲያስረክብ እናያለን። ለዚህ አባባላችን ሀርጌሳን በምሳሌነት እንውሰድ።

በሀርጌሳ የሚነዳው ቀኝን ይዞ ነው። ሆኖም የሚበዙት መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። ምክንያቱም ግራን ይዞ በሚነዳበት በጃፓን ያገለገሉ ቶዮታዎች፣ ብዙዎቹም በዱባይ አድርገው፣ በበርበራ ወደብ ስለሚገቡ ነው። በመሆኑም ከበርበራ ወደ ሀርጌሳ የሚጓዝ አሽከርካሪ የጭነት መኪና ደርቦ ለማለፍ ሲሻ፣ ከፊት የሚመጣውን ለማየት መኪናውን አስቀድሞ ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ተንሸራታች በሩ በግራ የሆነ ሚኒባስም ተሳፋሪውን የሚያወርደው በመንገዱ ዳር ሳይሆን በመሐሉ ነው።

ኢትዮጵያ ግራን ይዞ መንዳትን የተወችው በ1956 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የእኛ ገዢ የግራ መሪ መምረጡ አያስደንቅም። ይህንም ምርጫ ተከትሎ የቀኙን መሪ ወደ ግራ የሚያዛውር ጋራዥ አይታጣም። ሊሰመርበት የሚገባው ግን የሚዛወረው ክቡ መሪ ብቻ አለመሆኑ ነው። የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑ ፔዳልና የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሁሉ አብረው ቦታ ይለውጣሉ።

ስለዚህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየውን ቆርቆሮ ይመርምር። የተቀደደ፣ የተበየደ ወይም በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ስፍራ ካለ ምክንያቱን ይጠይቅ። በብዙ የጃፓን መኪናዎች የሻንሲው ቁጥር የሚመታው በዚሁ ቆርቆሮ ላይ ስለሆነ፣ ከሰነዱ ጋር ያስተያየው።

ሁለተኛ፣ የመሪውን ዘንግ ከላይ እስከ ታች ይከተል። ተቆርጦ በብየዳ የተቀጠለ ዘንግ ካገኘ ግዢውን ይተው። ሞተሩ ተነሥቶ መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ ብዙ የሚዞር ከሆነም የላላ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን ደጋግሞ ይርገጥ፤ ከጠነከረ በኋላም ለግማሽ ደቂቃ ተጭኖ ይቆይ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ ፍሬኑ አይታመንም። በአንዳንድ ሥራ የፍሬኑ ፓምፕ በቀኝ ቀርቶ ከግራው ፔዳል ጋር በአግዳሚ ብረት ይያያዛል፤ ያ ብረት የሚተጣጠፍ ከሆነ የአሽከርካሪው ኃይል በከንቱ ይባክናል።

አራተኛ፣ በምሽት ከግድግዳ ፊት ቆሞ አጭሩን መብራት ያብራ። ለጃፓን መንገድ የተሠራ መብራት ብርሃኑን በግራ በኩል ከፍ ስለሚያደርግ፣ በእኛ መንገድ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። መሪው ተዛውሮ መብራቱ ካልተለወጠ ሥራው በግማሽ ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው። ያልተነካ የቀኝ መሪ ችግሩ በዓይን የሚታይ ስለሆነ አሽከርካሪው ይጠነቀቅለታል። በመጥፎ ብየዳ የተዛወረ መሪ ግን አደጋውን ሰውሮ ይጓዛል፤ የሚገለጠውም በቁልቁለት መሐል ነው። ጠመንጃውን ፈታትቶ ሳያይ ለግዳጅ የማይወጣ ወታደር፣ ልጆቹን የሚያሳፍርበትን መኪና ሳያስመረምር ገንዘቡን አይቁጠር። የታማኝ መካኒክ የአንድ ቀን ዋጋ ከቤተሰብ ሕይወት ጋር አይመዛዘንም።